ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ

ሰው ማን መሆኑን በመጀመሪያ የሚያውቀው ከቤተሰቡ ነው። ስም የሚያወጡለት፣ ቋንቋ የሚያስተምሩት፣ የአባቱንና የአያቱን ስም እየጠሩ ዘሩን የሚያስቈጥሩት ወላጆቹና ዘመዶቹ ናቸው። በሕፃንነቱ ከእነዚህ ሁሉ የተለየ ሰው ግን ካደገ በኋላ የራሱን ታሪክ እንደ ሌላ ሰው ታሪክ ከሰዎች አፍ ለመስማት ይገደዳል። በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ እንዲህ ያለ ዕጣ ከደረሰባቸው ሰዎች አንዱ፣ በዘመናዊ ሕክምና የሠለጠኑት የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ፣ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው።

ወርቅነህ የተወለደው በ1857 ዓ.ም. በጎንደር ነው። አባቱ ነጋድራስ እሸቴ ወልደ ማርያም ይባሉ ነበር። ሕፃኑ በተወለደበት ዘመን የዳግማዊ ዐፄ ቴዎድሮስ መንግሥት በብዙ ችግር ተከቦ ነበር። በየአገሩ ዐመፅ ስለተነሣ ንጉሠ ነገሥቱ የሚያዝዙበት ምድር ከዓመት ወደ ዓመት እየጠበበ ሄደ። በዚህ ላይ ዐፄ ቴዎድሮስ ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ የላኩት ደብዳቤ መልስ ሳያገኝ በመቅረቱ ተቈጥተው የእንግሊዝን ቆንሲልና ሌሎች አውሮፓውያንን አሰሩ። በኋላም እስረኞቹን መቅደላ በሚባለው አምባ ላይ አስቀመጧቸው።

የእንግሊዝ መንግሥት እስረኞቹን ለማስፈታት በጄኔራል ሮበርት ናፒየር የሚመራ ዐሥራ ሦስት ሺህ ያህል ወታደር ላከ። ይህ ጦር የተነሣው ከእንግሊዝ አገር ሳይሆን በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሥር ከነበረችው ከህንድ ነበር። ወታደሮቹ በቀይ ባሕር ዳርቻ ዙላ ላይ ወርደው፣ ከባድ መድፎቻቸውን በዝሆን አስጭነው፣ ተራራውንና ገደሉን እያቋረጡ ወደ መቅደላ ገሠገሡ። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በስቅለት ዕለት፣ እሮጌ በተባለው ሜዳ ላይ ውጊያ ተደረገ። ሚያዝያ 6 ቀን፣ በፋሲካ ማግሥት፣ እንግሊዞች አምባውን ሰብረው ሲገቡ ዐፄ ቴዎድሮስ በጠላት እጅ ከመውደቅ ይልቅ የገዛ ሕይወታቸውን ማጥፋት መረጡ።

ንጉሠ ነገሥቱ ከሞቱ በኋላ መቅደላ ላይ ታላቅ ሽብር ሆነ። ወታደሩ፣ ሴቱ፣ ሽማግሌውና ሕፃኑ እየተጋፋ ከአምባው ወረደ። እናት ከልጅዋ፣ ወንድም ከወንድሙ ተለያየ። እንግሊዞችም በአምባው ላይ የተከማቸውን የብራና መጽሐፍ፣ ዘውድና የቤተ ክርስቲያን ንዋየ ቅድሳት ከዘረፉ በኋላ ሥፍራውን በእሳት አጋዩት። በዚህ ሁሉ ግርግር መካከል አንድ የሦስት ዓመት ሕፃን ከወላጆቹ ተለይቶ ብቻውን ቀርቶ ነበር። ይህም ሕፃን ወርቅነህ ነው። የእንግሊዝ መኰንኖች አገኙት። ወገኖቹ ሳይገኙ ስለቀሩም ኮሎኔል ቻምበርሌን የተባለው መኰንን ሕፃኑን ይዞት ለመሄድ ወሰነ።

በዚያ ጊዜ ከመቅደላ የተወሰደው ሕፃን ወርቅነህ ብቻ አልነበረም። የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁም በሰባት ዓመቱ ወደ እንግሊዝ አገር ተወስዷል። ነገር ግን የሁለቱ ልጆች ሁኔታ የተለየ ነበር። ልዑሉ የማን ልጅ እንደ ሆነ የማያውቅ አልነበረም፤ ንግሥት ቪክቶሪያ ራሷ ስለ እርሱ ታስብ ነበር። ወርቅነህ ግን የማን ልጅ እንደ ሆነ ከወሰዱት ሰዎች መካከል የሚያውቅ አልተገኘም። ልዑል ዓለማየሁ የአገሩን ምድር ዳግመኛ ሳይረግጥ በዐሥራ ስምንት ዓመቱ በ1872 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ሞተ፤ ዊንድሶር ላይም ተቀበረ። ስሙ የሚታወቀው ልጅ ሳይመለስ ቀረ፤ ስሙ የጠፋው ልጅ ግን የመመለሻው ቀን ሩቅ ቢሆንም ሊመለስ ተጽፎለት ነበር።

ጦሩ የመጣው ከህንድ ስለ ነበረ ሕፃኑም የተወሰደው ወደ ህንድ ነው። ኮሎኔል ቻምበርሌን ራዋልፒንዲ በተባለችው ከተማ ያሳድገው ጀመር። ሆኖም ብዙ ዓመታት ሳያልፉ ቻምበርሌን ሞተ፤ ልጁም ለሁለተኛ ጊዜ አሳዳጊ አጣ። ይህን ጊዜ ኮሎኔል ማርቲን የተባለ ሌላ መኰንን ኀላፊነቱን ተቀብሎ በአምሪትሳር በሚገኝ የሚሲዮን ትምህርት ቤት አስገባው፤ የትምህርቱንም ወጪ ይከፍልለት ነበር። ልጁ ከሁለቱ አሳዳጊዎቹ ስም ተወስዶለት ቻርልስ ማርቲን ተባለ። ቻርልስ የቻምበርሌን፣ ማርቲን ደግሞ የሁለተኛው መኰንን ስም ነው። የገዛ አባቱ ስም በዚህ አዲስ ስም ውስጥ ቦታ አልነበረውም።

የሦስት ዓመት ሕፃን የሚናገረውን ቋንቋ ካልሰማው ፈጥኖ ይረሳዋል። ቻርልስ ማርቲንም እንግሊዝኛና የህንድ ቋንቋ እየተናገረ ሲያድግ አማርኛው ከአእምሮው ጠፋ። የተወለደበት አገር ሐበሻ መሆኑን፣ የተገኘውም በመቅደላ ጦርነት ጊዜ መሆኑን ያውቅ ነበር። ከዚህ በቀር ስለ ሕፃንነቱ የሚነግረው ሰው በአጠገቡ አልነበረም። የመልኩን ነገር ቢያስብ ህንዳዊ አይደለም፤ ስሙና ትምህርቱ የእንግሊዝ ቢሆንም እንግሊዛዊ አይደለም። በሁለት ሕዝቦች መካከል አድጎ ከሁለቱም ሳይሆን ኖረ።

ልጁ ግን በትምህርቱ ብርቱ ነበር። ገና በልጅነቱ ላሆር በሚገኘው የሕክምና ኮሌጅ ገብቶ በ1874 ዓ.ም. ተመረቀ። ዶክተር ማርቲን ከዚያ በኋላ በህንድ በሐኪምነት ሲሠሩ ቆዩ። ሞያቸውን ለማሻሻልም ወደ ስኮትላንድ ተሻግረው ተማሩ፤ የሐኪምነት ማስረጃቸውንም ተቀበሉ። ቀጥሎም ዛሬ ምያንማር በምትባለው በበርማ የእንግሊዝ መንግሥት ሐኪም ሆነው ተሾሙ። ደመወዛቸው ጥሩ፣ ማዕረጋቸው የተከበረ ነበር። ለብቻቸው ለሚያስብ ሰው ይህ ኑሮ የሚበቃ ነበር።

በዚህ መካከል የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራዊት በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ መሪነት ዐድዋ ላይ የኢጣልያን ጦር ድል አደረገ። የድሉ ዜና በመላው ዓለም ተሰማ፤ በበርማ ለሚገኙት ሐኪምም ደረሳቸው። እስከዚያ ጊዜ ድረስ ኢትዮጵያ ለእርሳቸው ከስም በቀር ምንም ማለት አልነበረችም። አሁን ግን የተወለዱባት አገር ነጻነቷን በደም እንዳስከበረች ሰሙ። በአገሪቱ ውስጥ የዘመናዊ ሕክምና ዕውቀት ያለው ኢትዮጵያዊ በጭራሽ አልነበረም። ከጦርነቱ በኋላ ቁስለኞችን ለመርዳት ወደ አዲስ አበባ የመጡት የሩስያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች ነበሩ። ዶክተር ማርቲን ሞያቸው ለአገራቸው እንደሚያስፈልግ ተረድተው ከሥራቸው ፈቃድ ጠይቀው ወደ ኢትዮጵያ ለመጓዝ ተነሡ።

ጉዞው ቀላል አልነበረም። የባቡር ሐዲድ ገና ድሬዳዋ ስላልደረሰ ከባሕር ዳር ወደ መሀል አገር የሚሄድ መንገደኛ በረሓውን በግመልና በበቅሎ ማቋረጥ ነበረበት። ሐኪሙ በኤደንና በዘይላ በኩል አድርገው፣ በዚያን ጊዜ ራስ መኰንን ያስተዳድሯት ወደ ነበረችው ሐረር ከደረሱ በኋላ በ1892 ዓ.ም. ገደማ አዲስ አበባ ገቡ። ከመቅደላ ከተወሰዱ ሠላሳ ዓመት አልፎ ነበር። ዐፄ ምኒልክም በደስታ ተቀበሏቸው።

ሐኪም ማርቲን በአዲስ አበባ ድንኳን ተክለው ሕመምተኞችን ማከም ጀመሩ። ሕዝቡ ከሩቅም ከቅርብም እየመጣ በድንኳናቸው ዙሪያ ይሰበሰብ ነበር። መልካቸው እንደ ሕመምተኞቹ ሁሉ የሐበሻ ነው፤ ነገር ግን ከገዛ ወገናቸው ጋር የሚነጋገሩት በአስተርጓሚ ነበር። በሽተኛው የታመመውን ሲናገር ሐኪሙ አይሰሙትም፤ ሐኪሙ ሲመክሩም በሽተኛው አይገባውም። አገራቸው ገብተው እንደ እንግዳ መኖራቸው ይህን ያህል ግልጽ የሆነበት ሌላ ነገር አልነበረም።

በሕፃንነቱ ከመቅደላ በእንግሊዞች የተወሰደ ኢትዮጵያዊ ሐኪም ሆኖ መመለሱ በአገሩ ሁሉ ተወራ። ወሬው ከደረሳቸው ሰዎች መካከል በመቅደላው ሽብር የልጅ ልጃቸው የጠፋባቸው አንዲት አሮጊት ይገኙባቸዋል። አሮጊቷ ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጁ ይሙት ይዳን ሳያውቁ ኖረዋል። አሁንም ነገሩን ሰምተው ዝም ማለት አልቻሉም፤ ወደ አዲስ አበባ መጥተው ሐኪሙ የልጅ ልጃቸው ሳይሆኑ እንደማይቀሩ ተናገሩ።

ይህ ነገር ያለ ማስረጃ የሚታመን አልነበረም። ሐኪሙ በንጉሠ ነገሥቱ ዘንድ የተከበሩ ሰው ናቸው፤ እንዲህ ያለውን ሰው ዘመዴ ነው ማለት ለማንም ይጠቅማል። በመቅደላ የጠፋውም ሕፃን አንድ ብቻ ላይሆን ይችላል። ሐኪሙ ደግሞ አሮጊቷን አያስታውሷቸውም፤ እውነቱን ከሐሰት ለመለየት የሚረዳቸው አንድም ትዝታ አልነበራቸውም። አሮጊቷ ግን የያዙት ማስረጃ ነበር። ልጁ በሕፃንነቱ በአካሉ ላይ ጠባሳ እንደ ነበረበት ያውቃሉ፤ ጠባሳው የት የት እንደ ሆነም አልዘነጉም። ያሉት ቦታ በታየ ጊዜ ጠባሳው እንደ ተናገሩት ሆኖ ተገኘ።

በዚህ ዓይነት ቻርልስ ማርቲን የሚባሉት ሐኪም የእሸቴ ልጅ ወርቅነህ መሆናቸው ታወቀ። አእምሯቸው የረሳውን አካላቸው ይዞት ኖሮ ነበር። የሌላውን ሰው አካል መርምሮ በሽታውን ማወቅ ሞያቸው የሆነው ሐኪም፣ ማንነታቸውን ያወቁት የራሳቸው አካል በአያታቸው ዐይን ሲመረመር ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ያልተጠራው ስም እንደ ገና ተጠራ። አያታቸውም የአባታቸውን፣ የእናታቸውንና የቤተሰባቸውን ነገር ሊነግሯቸው ቻሉ። ሐኪሙ ይህን ሁሉ የሰሙት የእናታቸው ቋንቋ ሳይሆን በተማሩት ቋንቋ ተተርጉሞላቸው መሆኑ ግን የመለያየቱን ዘመን ርዝመት ያሳያል።

ስምንና ዘርን ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ የአገር ሰው መሆን ግን ሥራን ይጠይቃል። ሐኪም ወርቅነህ ይህን በሚገባ የተረዱ ሰው ነበሩ። የጠፋባቸውን አማርኛ እንደ ጀማሪ ተማሪ ከፊደል ጀምረው ለመማር አላፈሩም። ከዚያም አልፈው በአማርኛ የጂኦግራፊ መጽሐፍ እስከ ማዘጋጀት ደረሱ። በሌላ በኩል በእንግሊዝ መንግሥት ሥራ የገቡበት ውል ስለ ነበረባቸው ተመልሰው በበርማ ማገልገል ግድ ሆነባቸው። በዚህም ምክንያት ብዙ ዓመታት በሁለቱ አገሮች መካከል ሲመላለሱ ቆዩ። በአዲስ አበባ የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ሐኪም ሆነው የሠሩበት ጊዜም ነበር። ኢትዮጵያዊት የሆኑትን ወይዘሮ ቀጸላን አግብተውም ብዙ ልጆች ወለዱ። በመጨረሻ በ1911 ዓ.ም. ከበርማ ሥራቸው ጡረታ ወጥተው ኑሯቸውን በኢትዮጵያ አደረጉ።

ከዚያ በኋላ የተሰጣቸው ሥራ በሕክምና ብቻ የተወሰነ አልነበረም። ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በ1917 ዓ.ም. ሲከፈት የትምህርት ቤቱ የበላይ ተቈጣጣሪ ሆኑ። በ1920 ዓ.ም. በጣና ሐይቅ መውጫ ላይ ስለሚሠራ ግድብ ከአንድ የአሜሪካ ኩባንያ ጋር ለመነጋገር ወደ አሜሪካ ተላኩ፤ በዚያም ለጥቁር አሜሪካውያን ስለ ኢትዮጵያ እየነገሩ ሞያ ያላቸው ሰዎች እንዲመጡ ጋበዙ። ከዚያ በኋላ የጨርጨር ገዥ ሆነው አስበ ተፈሪ ላይ ተቀምጠው መንገድ በማሠራትና አስተዳደሩን በማሻሻል ደከሙ። አዛዥ የሚባለውንም ማዕረግ አገኙ።

ከሥራቸው ሁሉ የሕይወታቸውን ታሪክ ለሚያውቅ ሰው ይበልጥ የሚያስደንቀው ከባርነት ነጻ ለወጡ ልጆች ያሰቡት ነገር ነው። በዚያ ዘመን በባርነት የተሸጡ ሕፃናት አባታቸው ማን፣ የትውልድ መንደራቸውም የት እንደ ሆነ ሳያውቁ ያድጉ ነበር። አዛዥ ወርቅነህ እነዚህን ልጆች የሚያስተምር ቤት በአዲስ አበባ እንዲቋቋም ከደከሙት ሰዎች አንዱ ናቸው። ልጆቹ የጠፋባቸውን ዘመድ መልሶ ማምጣት ባይቻልም፣ ዕውቀትና ሞያ ሰጥቶ በእግራቸው እንዲቆሙ ማድረግ እንደሚቻል ከራሳቸው ሕይወት ተምረው ነበር።

በ1927 ዓ.ም. አዛዥ ወርቅነህ በለንደን የኢትዮጵያ መንግሥት ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ። በመስከረም ወር 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር ኢትዮጵያን ወረረ። በሦስት ዓመታቸው በእንግሊዝ ጦር ከአገራቸው የተወሰዱት ሕፃን፣ ከስድሳ ስምንት ዓመት በኋላ በእንግሊዝ ዋና ከተማ ቆመው ስለ አገራቸው ነጻነት ተከራከሩ። በእንግሊዝ ስም የተቀበሉት ትምህርትና ቋንቋ ለኢትዮጵያ ጥብቅና መቆሚያ ሆናቸው። ለቁስለኞች መርጃ የሚሆን ገንዘብና መድኃኒት እንዲሰበሰብም ብዙ ደከሙ።

ይህ ዘመን ግን ለእርሳቸው የመከራ ዘመን ነበር። ቢንያምና ዮሴፍ የተባሉት ወንዶች ልጆቻቸው በእንግሊዝ አገር የምሕንድስና ትምህርት ተምረው ወደ ኢትዮጵያ ተመልሰው ነበር። ወራሪው አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ሁለቱ ወንድማማቾች በጥቁር አንበሳ ማኅበር ውስጥ ገብተው ታገሉ፤ በኋላም በጠላት እጅ ወደቁ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ፋሽስቶች የተማሩትን ወጣቶች እየለቀሙ ሲገድሉ ቢንያምና ዮሴፍም ተገደሉ። በሕፃንነታቸው ከወላጆቻቸው የተለዩት አባት በስተርጅናቸው ከልጆቻቸው ተለዩ። ሁለቱንም ኀዘን ያመጣባቸው የባዕድ ጦር ነበር።

አዛዥ ሐኪም ወርቅነህ የአገሪቱ ነጻነት ከተመለሰ በኋላ ወደ ኢትዮጵያ መጡ። በመስከረም ወር 1945 ዓ.ም. በሰማንያ ሰባት ዓመት ዕድሜያቸው ገደማ ዐረፉ። በሕይወታቸው ዘመን ሁለት ስሞች ነበሯቸው። በአገራቸው ወርቅነህ፣ በውጭ አገር ደግሞ ማርቲን ይባሉ ነበር፤ ሁለቱን ስሞች አያይዘው የሚጽፉበትም ጊዜ ነበር። እውነተኛ ስማቸውን ካወቁ በኋላ ያሳደጓቸውንና ያስተማሯቸውን ሰዎች ስም አልጣሉም።

የሐኪም ወርቅነህ ታሪክ የሚያስተምረው ብዙ ነው። ልጅ ከወላጆቹ የሚለየው በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ጦርነትና ሽብር የማያውቀውን ሕፃን ወስደው ከማያውቀው አገር ይጥሉታል። ሆኖም ሰው የጠፋበትን መፈለግና ያገኘውን በሥራ መጠበቅ ይችላል። አሮጊቷ አያት ሠላሳ ዓመት ሙሉ የአንድ ሕፃን ጠባሳ ባይረሱ ኖሮ የጠፋው ስም ጠፍቶ በቀረ ነበር። ሐኪሙም ስማቸውን ካገኙ በኋላ በዚያ ብቻ ረክተው ወደ ምቹ ኑሯቸው ተመልሰው ቢቀሩ ኖሮ፣ የተገኘው ስም ለቤተሰቡ ደስታ ከመሆን አያልፍም ነበር። እርሳቸው ግን አገራቸውን ዳግመኛ እንደ ተማሩት ቋንቋ ቃል በቃል ተማሯት፤ ወርቅነህ እሸቴ የሚለውም ስም በኢትዮጵያ የሕክምናና የትምህርት ታሪክ ውስጥ ተጽፎ ቀረ።